የሚንከባለለው ክኒን

እህቱ ስትደውል ዜና አንባቢው ጢሙን እየተላጨ ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር።

«እማዬ የግፊት ክኒኗን ካቆመች ዛሬ ሳምንቷ ነው» አለችው። «ጠዋት ነስሯታል፤ ስትነሳም ያዞራታል።»

«ለምን አቆመች?»

«እሱን እኔን ትጠይቀኛለህ? በቴሌቪዥን አቁሙ ያልካት አንተ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

የቀረውን ግማሽ ጢም ማን ያስታውሰው። ሸሚዙን እየቆለፈ ደረጃውን ወረደ፣ መነጽሩን ረስቶ ተመለሰ፣ የመኪና ቁልፉን ረስቶ ደግሞ ተመለሰ። መኪናው አልነሳ ሲለው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ በእግሩ ሄደ።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜና አንባቢ ነበር፤ የእውነቱን ዜና። የመሪ ሞትም ይሁን የጎርፍ አደጋ፣ የነዳጅ ዋጋም ይሁን የኳስ ውጤት፣ ሁሉን በዚያ በረጋ ድምፁ አንብቦ ሰውን በሰላም እራቱን ያስበላ ነበር። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ግን አንድ ወጣት ዳይሬክተር ቤቱ ድረስ መጣ። ሠራተኞቹ «ድንጋዩ» ይሉታል፤ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ድንጋዩ የፈለገው የውሸት ዜና የሚያነብለት እውነተኛ ፊት ነበር፤ ከአንባቢው ፊት የበለጠ እውነተኛ ፊት ደግሞ በአገሩ አልነበረም። ቤት መቀመጥ ሰልችቶት ስለነበር ብዙም አላስለመነም።

ፕሮግራሙ ቅዳሜ ከሰዓት በአሥር ሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል። ዜናና ዘጋቢ ፊልም አስመስሎ ያላግጣል። ግማሹ ከተማ እንባው እስኪፈስ ይስቃል፣ ግማሹ ይዘጋልን ብሎ ፊርማ ያሰባስባል፣ ጋዜጦቹ ሰኞ ሰኞ በዚሁ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የፕሮግራሙ ሕግ አጭር ነው፤ አይሳቅም፣ በዓይን አይጠቀስም፣ አይታረምም።

ባለፈው ቅዳሜ ያነበበው ይህን ነበር፦ «ክብ ክኒን አንዴ ከተዋጠ ማቆሚያ እንደሌለው ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ክኒኑ እየተንከባለለ ወርዶ ተረከዝ ላይ ይጠራቀማል። ባለሙያዎች ባለ አራት ማዕዘን ክኒን እስኪመረት ድረስ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛትን ይመክራሉ።» ነጭ ካፖርት ለብሶ ያስረዳው ፕሮፌሰር የስቱዲዮው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አንድ ስመ ጥር ኳስ ተጫዋች ቀልድ መሆኑን ሳይነግሩት የሰጡትን ወረቀት ተቀብሎ፣ «እኔ ወደ አራት ማዕዘን ተሻግሬያለሁ፤ እናንተስ?» ብሎ ለካሜራው አንብቧል። አንባቢው ጽሑፉን መጀመሪያ ሲያየው ሆዱን ይዞ ነበር የሳቀው። እናቱ ትዝ አላለችውም። ምን ያለ ጅል ነኝ እያለ ራሱን ሲረግም ደረሰ።

እናቱ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ሁለት እግሯን ሦስት ትራስ ላይ ሰቅላ አገኛት። አርባ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የደንብ ልብስ የሰፋች ሴት ናት፤ በቀላሉ የምትሞኝም አይደለችም። የክኒኑ ብልቃጥ እንደተከደነ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ እግርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ክኒኑ እየተመለሰልኝ ነው፤ ቀኙ ቀለል ብሎኛል።»

«ቀልድ ነው እኮ እማዬ!»

«ማን ነው የቀለደው?»

«እኔ ነኛ። ፕሮግራሙ ቀልድ ነው።»

«ስታነበው ሳቅህ?»

«አልሳቅኩም።»

«ሌላስ የሳቀ ነበር?»

«አይሳቅም። እሱ ነው ቀልዱ።»

እናቱ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ ፊቱን ግራና ቀኝ አየችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ አስገድደውህ ነው? የክኒን ነጋዴዎቹ ናቸው ይህን ተናገር ያሉህ?» አለችው። ግማሽ ጢሙን በጣቷ ዳሰሰችው። «አይ የኔ ልጅ፤ ተላጭተህ እንኳ እንድትጨርስ አልፈቀዱልህም።»

እህቱ ክንዱን ይዛ ወደ በረንዳው አወጣችው። ዓይኗ አብጧል።

«ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት እዚያም የሚሰጡት ክብ ነው ብላ አልነሳም አለች። ፈጭቼ በሾርባ ብሰጣት ቀምሳ ደፋችውና ይኸው ከእጄ አትበላም። ዶክተሩ ደግሞ ግፊቷን በስልክ ስነግረው ዛሬውኑ ካልዋጠች ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል አለ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «በቴሌቪዥን ያለውን በቴሌቪዥን ይመልሰው ነው የምትለው። አንተ ታውቃለህ!»

ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ስድስት ሰዓት ላይ ስቱዲዮ ገባ። ድንጋዩ ስክሪፕቱን በቀይ እስክሪብቶ እያረመ ነበር።

«ጋሼ፣ አይሆንም» አለው ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ። «አንዱን ካረምን አለቀልን። ያላረምነው ሁሉ እውነት ነው ልንል ነው?»

«እናቴ ናት እኮ የምልህ!»

«ገብቶኛል፤ ጥሩ ዶክተር እልክልዎታለሁ።»

«ዶክተር አታምንም። የምታምነው እኔን ነው።»

«ከእርስዎ የፈለግነውም እሱኑ ነው» አለ ድንጋዩ፤ ክፋት አልነበረበትም። ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ሰዓት አንባቢው እንዴት እንዳሳለፈው ራሱም አያውቅም። ኮሪደሩን ከዳር ዳር ተመላለሰበት። ውሃ ይቀዳል፣ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል። እህቱ ጋ በየአሥር ደቂቃው ደወለ፤ በመጨረሻ «ካልዋጠች አልዋጠችም፤ ምን ልበልህ!» ብላ ጮኸችበት። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ አስገድዳ አስቀምጣ ጢሙን ጨረሰችለት፤ እሱ ግን ከወንበሩ ሁለት ጊዜ ብድግ አለባት።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ ቀዩ መብራት በራ። የመጀመሪያው ዜና የከተማው አስተዳደር ለደመናዎች ቁጥር መስጠት መጀመሩን የሚያበስር ነበር። አሳምሮ አነበበው። ቀጣዩ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መሮጥ ሲጀምር ዓይኑን ነቀለና ካሜራውን አየ።

«ባለፈው ሳምንት» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ባለፈው ሳምንት ክብ ክኒን... ይንከባለላል ብዬ ነበር። አይንከባለልም። የትም አይሄድም፤ ይሟሟል። የሰጧችሁን... ሐኪም የሰጣችሁን ዋጡ። ዋሽቼ ነው።» ላቡ በሜካፑ ላይ ወረደ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። «እማዬ፣ በሞቴ ዋጪው። ማንም አላስገደደኝም።»

አሁን ያቋርጡኛል ብሎ ጠበቀ። በጆሮ ማዳመጫው ግን አንድ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ መጣ፤ ድንጋዩ እየሳቀ ነበር። ከኋላው የቁጥጥር ክፍሉ በሙሉ ይንጫጫል። «ጋሼ፣ ገደሉን!» ይላል ድንጋዩ ትንፋሽ አጥሮት። «ይቀጥሉበት፣ ይቀጥሉበት!»

አንባቢው ማዳመጫውን ነቅሎ ተነሳና በዚያው ወጣ።

የታክሲ ሹፌሩ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ ያንኑ እያየ ነበር። ተሳፋሪውን ሲያውቀው፣ «ጋሼ፣ ‹በሞቴ ዋጪው›! ሞትኩ እኮ!» ብሎ መሪውን ደበደበ።

«ንዳው ወንድሜ፣ እባክህ ንዳው።»

አገሩ ሁሉ ከሳቀ እሷስ? ቀልድ ነው ብላ፣ ዛሬ ገና ቀልዱ ገብቷት፣ ክኒኑን ትታው ከሆነስ? በየመብራቱ ሲቆሙ በሩን ከፍቶ ለመሮጥ ይቃጣዋል። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ወርውሮ ወረደና የቀረውን መንገድ ሮጠ፤ በስልሳ ሁለት ዓመቱ።

እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ መሬት ረግጧል። ብልቃጡ እጇ ላይ ክፍት ነው።

«ዋጥኩት» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «ተቀመጥ፤ ትንፋሽህን ሰብስብ።»

እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ጉልበቷ ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን በሻርፗ ይዛለች። ቀና ሲል ሳቁ መጣበት።

«ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሲስቅ አንቺ እንዴት አመንሽኝ?»

«ስታነብ ሳይህ ኖሬ የለ? እንደ ዛሬ አስቀያሚ አድርገህ አንብበህ አታውቅም። ተንተባተብክ፣ አላበህ፣ እጅህ ተንቀጠቀጠ። እውነት ባይሆን እንዲያ አትሆንም ነበር።»

«አይ እማዬ!» አለና ደግሞ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ሜካፑን ከጉንጩ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ቆየች። አንድ ነገር እያሰበች ነበር።

«ያን ሁሉ ሠላሳ ዓመት ግን» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድም ቀን ተንተባትበህ አታውቅም፤ አይደል?»

አንባቢው ሊመልስላት አፉን ከፈተ። መልሱ በዚያ በለመደችው በረጋ ድምፁ እንዳይወጣበት ፈራና መልሶ ዘጋው።