የሰናይት ቁርጭምጭሚት

ጓድ አድነው ከውጭ አገር ትምህርት ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር የቆዳ ካፖርትና ቁና የሚያህል ኩራት ነው፤ ሸዋገነት እንዲያ ነበር የምትለው። ጉለሌ ባለችው ክሊኒክ የሕፃናትን እግር እንቅስቃሴ ስታሠራ የኖረች ባለሙያ ናት። አዲሱን አለቃዋን አድነውን የናቀችው ገና በመጣ ሰሞን ነው።

አንድ ማለዳ ደሳለች የምትባል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሚስት ልጇን ሰናይትን ለሁለተኛ ጊዜ አዝላ መጣች። ሰናይት በጣቶቿ እንጂ በተረከዟ አትረግጥም። አድነው እግሯን ጨብጦ ሽቅብ ነጠቀው። ልጅቷ ጮኸች፤ ቁርጭምጭሚቷ ግትር አለ።

"ድንጋይ ነው! ጉልበትም የላትም። ጅማቷ ይቆረጥ" አለ።

ደሳለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ባለፈው ሳምንት ይችኑ ልጅ ለክተው 'ደህና ናት' ብለዋል" አለች ሸዋገነት። "የተለወጠው እግሯ ነው ወይስ እጅዎ?"

"እስቲ አንቺ ለኪና እንይሽ!"

ሸዋገነት ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። ለቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቀች። ጉልበቷን ዘርግታ እግሯን ቀስ አድርጋ ገፋችው፤ ቁርጭምጭሚቱ እሺ እያለ ታጠፈ፤ የታጠፈውን ያህል በማዕዘን መለኪያ ለካችው።

"አሁን እርስዎ ይድገሙት፤ እንዲሁ ቀስ ብለው።"

አድነው እየተነጫነጨ ደገመው። የማዕዘን መለኪያው ያንኑ አሳየ።

"ሁለት ሰው ለክቶት አንድ ሲሆን ልኬት ይባላል። ሲነጥቁት የሚገትር እግር ቢላዋ አያሻውም" አለችና ሸዋገነት ወደ ልጅቷ ዞረች። "የኔ ቆንጆ፣ በይ እጄን ግፊው!"

ሰናይት እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች ገፋች፤ የሸዋገነት መዳፍ ወደ ኋላ ሄደ።

"የፈራ ልጅ አይገፋም፣ ጓድ። እርስዎ ፍርሃቷን ነው የለኩት።"

መቁረጡ ቀረ፤ ተረከዟ መርገጥ እንዲለምድ እግሯ በጀሶ ታሰረ። አድነው ግን በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ላይ "በሰፊው ሕዝብ ፊት አመራርን አዋርዳለች" ብሎ ከሰሳት። ግለ ሂስ አድርጊ ስትባል ተነሣችና "ጥፋቴ ቀስ ብዬ መለካቴ ነው" አለች። ሰዉ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሷ ለቅጣት ወደ ክሊኒኩ መድኃኒት መጋዘን ተዛወረች።

ጀሶው ሲፈታ ሰናይት በተረከዟ ቆመች። ደሳለች ወሬውን ለጎረቤቶቿ ነዛችው። የሽሮ ሜዳ እናቶችም ልጆቻቸውን እያዘሉ በመጋዘኑ በር መግባት ጀመሩ። ሸዋገነት በካርቶኖች መሀል አስቀምጣ ትለካለች።

አንድ ቀን አድነው በሩን ከፍቶ ሲያይ ከእናቶቹ ጋር ተፋጠጠ። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣለትም።

"ጥጥ ፈልጌ ነው" አለ። ጥጡንም ሳይወስድ ወጣ።