ፕላያው ውሃ አለው?

ሶፎንያስ ወንበር ቂጡን የሚወጋው ሰው ነው። ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ከተማ ካለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ቤት ገብቶም አይቀመጥ። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ ይባስ ብሎት ሻንጣውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል።

«ዚፑ ምን አደረገህ?» አለችው እናቱ የትምወርቅ፣ ካፖርቷን ለብሳ ሶፋው ላይ እየጠበቀች።

«እማዬ፣ ፕሌኑ ያመልጠናል።»

«ክንፍ ያለው እሱ፤ አንተ ምን ያርገበግብሃል?»

የሚያርገበግበውስ ነበረው። አሪዞና ያለችው ታላቅ እህቱ ፈነት ኩላሊቷ ታሞ ደሟን ከሚያጥብላት ማሽን መራቅ አትችልም። የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ የሶፎንያስ ልጅ ኢያኤል ውሃ ውስጥ ጠልቃ ስትጠመቅ በዓይኗ ማየት። ሚኒሶታ ሐይቅ በየደጁ ሞልቷል፤ ፈነት ግን የለችበትም። እናም ሰውየው ሐይቁን ሁሉ ትቶ ለጥምቀት ወደ በረሃ ሊሄድ ተነሣ!

ቦታውን ያገኘው አንድ የእንግሊዝኛ የጉዞ ጽሑፍ ላይ ነው። ጸሐፊው ከፈነት ከተማ ወጣ ብሎ ፕላያ ዳር አደርኩ፣ ጠዋት ነጭ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ዓይኔን ወጋኝ ይላል። ፕላያ ምን እንደሆነ ሶፎንያስ ያውቃል። ፋብሪካ አብሮት የሚሠራው ሜክሲኳዊ «ፕላያ! ፕላያ!» እያለ የባሕር ዳር ፎቶ ያሳየዋል። ለፈነት «ቦታ አግኝቻለሁ» ብቻ አላት። ሰርፕራይዝ ሊያደርጋት።

ኢያኤል ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ትማራለች። ጽሑፉን ያየችው ገና አሁን፣ በአባቷ ስልክ ላይ ነው። አነበበችና ቀና አለች።

«ዳዲ፣ ኢትስ ድራይ።»

«ምኑ?»

«ፕላያው። ሜክሲኮ ሲሉት ቢች ነው። በረሃ በኩል ግን እንግሊዝኛው ደረቅ ሌክ ነው የሚለው። የሚያብረቀርቀው ጨው ነው።»

«ቃሉ የስፓኒሽ አይደል እንዴ?»

«ነው። ወስደው ትርጉሙን ቀየሩት።»

«ከባሕር ዳር ወስደው በረሃ ላይ አደረቁት በይኛ!» አለች የትምወርቅ። «አንተ ደግሞ ልጅቱን ጨው ውስጥ ልትነክራት ነበር፤ ቋንጣ ናት?»

ሶፎንያስ ከኩሽና ጋራዥ፣ ከጋራዥ ኩሽና እየተመላለሰ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ፈነት ጋ ደወለ። ጉዱን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ ጅል! እዚያ እኮ ዝናብ ካልጣለ ውሃ የለም። ቢጥልም ቁርጭምጭሚት አይደርስ።»

«እንግዲያ ይቅር እትዬ። ደህና ውሃ ፈልጌ ሌላ ጊዜ እናመጣታለን።»

ሳቋ ተቆረጠ።

«ለኔ ነው ሌላ ጊዜ የምትለኝ?»

ሰውየው ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ጎረቤቴ ላሞቹን የሚያጠጣበት ገንዳ አለው» አለች ፈነት። «ወገብ ያልፋል። ብቻ ኑልኝ።»

«የላም? ኦ ማይ ጋድ» አለች ኢያኤል።

«ምን ኦ ትይብኛለሽ? ጌታሽ የተኛው ግርግም ውስጥ አይደል?» ብላ የትምወርቅ ስልኩን ከልጇ እጅ ነጠቀችው። «ስሚ ፈነት፣ እስክንደርስ ገንዳው ተፈግፍጎ ይጠብቀን።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ በሽተኛ ነኝ።»

«ኩላሊትሽ ነው የታመመው። አፍሽ ደህና ነው፤ ባለላሙን እዘዢው።»

ሶፎንያስ ይህን አልሰማም። ውጭ መኪናውን አስነሥቶ ጡሩምባውን ያስጮኸው ነበር።