በጥር ወር ብርቱካን የተናገረችው

መምህር አስማረ ከደብረ ታቦር ተመድቦ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ክፍል አልነበረውም። በጃንሆይ ዘመን ለጠቅላይ ግዛቱ የሚላኩት መጻሕፍት በዕቃ ቤት አቧራ ይጠጡ ነበር። አስማረ የዕቃ ቤቱን አንድ ጥግ አስለቀቀና በቁም ሣጥን ደረደራቸው፤ መስኮቱ ሥርም ጠረጴዛ አስቀመጠ።

ጠረጴዛው የወሩ ነበር። በመስከረም ልጆቹ አደይ አበባ ያኖሩበታል፤ በኅዳር ከአውድማ የመጣ የገብስ ዛላ፣ በታኅሣሥ የገና ዱላና ሩር። ስለ ወሩ የሚያወራ ምንባብ ከተገኘ ይነበባል። መጻሕፍቱ ግን የሚያወሩት ስለ ባቡርና ስለ መርከብ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው እየተነሡ በቤታቸው ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ። የሚያውቁትን በቃላቸው የተናገሩ ልጆች ማንበብም እንደሚቀላቸው አስማረ በዓይኑ አይቷል።

ብርቱካን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስታነብ መስመሩን በሰንደዶ እየተከተለች፣ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ሰብስባ ትቀጥላለች። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ተራዋ ደረሰና ቤታቸው ሥራ እንደበዛበት ተናገረች። እናቷ ብቅል አብቅላለች፤ ጌሾ ተወቅጧል፤ ጎረቤቶች እህል ይፈጫሉ፤ ወንዶቹም የዳስ እንጨት ተሸክመው መጥተዋል።

አስማረ ታላቅ እኅት ያላት መስሎት፣ “ማን ሊዳር ነው?” አላት።

“እኔ ነኝ፣ መምህር” አለችና ተቀመጠች።

ከልጆቹ መካከል የሳቀም የተገረመም አልነበረም። ቀጣዩ ልጅ ተነሥቶ ስለ ጥጃቸው ያወራ ጀመር።

አስማረ ክፍሉ እንደተለቀቀ አባቷ ቤት ሄደ። አባቷ አቶ ደምሌ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው፤ በመደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈለት። አስማረ ልጅቱ ገና ሕፃን መሆኗን፣ ቢያንስ ስድስተኛን ብትጨርስ እንደሚሻል ነገረው። ደምሌ ሳያቋርጥ አዳመጠውና ገና ዳዴ ስትል ለስማዳ ሰዎች ልጅ ሊድራት ቃል እንደገባላቸው አስረዳው።

“ቃሌን ባጥፍ ለወንድሞቿ ማን ልጁን ይሰጠኛል፣ መምህር? እርስዎ ነገ ወደ ሌላ አገር ይዛወራሉ። እኔ እዚሁ ነኝ።”

እናቷ ማንጠግቦሽ ጠላ ስትቀዳ ዓይኗን ከዋንጫው ላይ አላነሣችም።

ርዕሰ መምህሩም ቢሆን ከወላጆች ጋር ከተጣሉ የቀሩትን ሴት ልጆች እንደሚያስወጡባቸው ነግሮ አስማረን እንዲተወው መከረው። አስማረም ተወው። ለሠርጉ ቢጠራም አልሄደም፤ ሙሽራይቱን የጫነችው በቅሎ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ስታልፍ እልልታውን እየሰማ የሒሳብ ትምህርቱን ቀጠለ።

ብርቱካንን ወደ ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ወዳለው አማቾቿ ቤት ወሰዷት። ክረምቱን እዚያው ከረመች። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ውኃ ልቀዳ ብላ ወጣችና እንስራውን መንገድ ዳር አስቀምጣ ወደ እስቴ፣ ወደ ወላጆቿ አገር አቅጣጫ ሄደች። በመሐል ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ወደ ውኃው ስትገባ ከማዶ ሆነው ያዩዋት ሰዎች ተመለሺ ብለው ቢጮኹም ድምፃቸውን ውኃው ዋጠው። ሬሳዋን ከታች ቋጥኝ ያዘው። ውኃው እስኪጎድል ቤተሰቦቿ መሻገር ስላልቻሉ የቀበሯት ባዕድ ሰዎች ናቸው።

ከመስቀል በኋላ ትምህርት ሲከፈት ማንጠግቦሽ ጥቁር ለብሳ፣ ራሷን ተላጭታ መጣች። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ነበር።

“የት ነበር የምትቀመጠው?” አለችው።

አሳያት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ስላላት በጎን ዞረች። “ያን ቀን አንድ ቃል ብተነፍስ አባቷ ይሰማኝ ነበር” አለች።

አስማረም፣ “እኔም የመጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እማማ። ደግሜ መምጣት ነበረብኝ” አላት።

ልጆቹ ሲመለሱ ተነሣች። በሩ ላይ ቆማ ሴቶቹን አንድ በአንድ ሳመችና ወጣች።

በዚያ ዓመት አስማረ የሠርግ ወራት እስኪገባ አልጠበቀም። እህል ከማሳ ሳይነሣ ጀምሮ ሴት ልጅ የሚያስተምሩ አባቶችን ልጆቻቸውን እንዳይድሩ ቤት ለቤት እየዞረ ለመነ። ወደ እንቢተኞቹም ደጋግሞ ተመላለሰ። ጥቂቶቹ ሰሙት። የሚበዙት በአክብሮት ሸኙት።