ሰባት ደቂቃ የቀደሙ ሽማግሌዎች

ጋሮማ ለንሳን ሊያስጠይቅ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አሮጌ መኪናውን አምቦ ጎሚስታ ቤት ወስዶ ከነቸርኬያቸው ትልልቅ ጎማዎች አስገጠመላት። ለምን ቢባል፣ ከፍ ብላ እንድትታይለት ነው። ጎሚስታው «ሰው ሲጫን ፓራፋንጎውን ይነካል፣ ይቅርብህ» ብሎት ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ደግሞ መቼ ምክር ይሰማል!

የለንሳ አባት ኦቦ ኤጄታ ጡረታ ወጥተው ጌዶ ከመቀመጣቸው በፊት ሠላሳ ዓመት በአምቦና በነቀምት መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል። ታናሽ ወንድማቸውን የቀበሩት በፍጥነት ምክንያት ነው። «በዚህ መንገድ ከስልሳ የሚያልፍ ሾፌር ልጄን አያገባም» ማለታቸውን የማያውቅ የለም። ጋሮማም ያውቃል፤ ለዚህም ነበር ዓይኑን ከፍጥነት ቆጣሪው ላይ ላለመንቀል ለራሱ የማለው።

በቀጠሮው ዕለት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ሌንጂሳ «ከአምቦ ተነስተናል» ብለው ጌዶ ላሉት ለኦቦ ኤጄታ ደወሉ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ወፈር ያሉ ሰዎች ስለነበሩ መኪናዋ ዝቅ አለች፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ያጓራል። አቀበት ላይ ነዳጅ ቢረገጥም አልሳብ አለች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በሬ ጭነሃል እንዴ?» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ።

ጋሮማ ላብ በላብ ሆነ። ቆጣሪው ግን ከስልሳ ንቅንቅ አላለም።

ጌዶ ሲደርሱ፣ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይገባምና መኪናው ውስጥ ቀረ። በአጥሩ በኩል ሁሉም ይሰማዋል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም። ኦቦ ኤጄታ ሰዓታቸውን አዩ።

«በስንት ነዳ?»

«በስልሳ! ቆጣሪውን ሳይ ነው የመጣሁት» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ።

«ዱጋ ሚቲ! ውሸት ነው። በስልሳ ከአምቦ እዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። እናንተ ሰባት ደቂቃ ቀድማችኋል። ሲሮጥ መጥቶ ሽማግሌ ለሚያስዋሽ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

ጋሮማ ወጉን ረስቶ ዘሎ ገባ።

«ኦቦ ኤጄታ፣ በእናቴ ሞት፣ ከስልሳ አላለፍኩም!»

ኦቦ ኤጄታ ወጥተው መኪናዋ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበቡ፤ በሩን ከፍተው ፋብሪካው የለጠፈውን የጎማ ልክ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ቆጣሪው የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል። ስልሳ ሲልህ አንተ ወደ ሰባ እየጠጋህ ነበር» አሉት። «አልዋሸህም። ግን የምትነዳትን አታውቃትም። ይህ ደግሞ ያስፈራኛል።»

ጋሮማ አንገቱን ደፋ። እውነት ስለነበር አፈረ።

«የራሷን ጎማ መልስላትና በወሩ ኑ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ። ኦቦ ሌንጂሳ እስከ አምቦ ሲያጉረመርሙ ሄዱ።

በወሩ መኪናዋ በትንንሾቹ ጎማዎቿ ዝቅ ብላ ተነሳች። ጋሮማ ፈርቶ ሃምሳ ላይ ያዛት፤ ከብት ባየ ቁጥር ቆመ፤ የእጅ ጋሪ ሳይቀር ቀደመው። ሲደርሱ ኦቦ ኤጄታ ሰዓታቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሃያ ደቂቃ ዘገያችሁ።»

ከኋላቸው ለንሳ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ስትዘገዩ አንድ ነገር ደርሶባቸዋል ብላ ከመንገዱ ዓይኗን አልነቀለችም» አሉ አባትየው። ድምፃቸው ሰለል ብሎ ነበር። «እኔም ከጎኗ ቆሜ ነበር። አንተም ግባ... ተቀመጡ።»

ኦቦ ሌንጂሳ ሁለተኛ እስኪባሉ አልጠበቁም፤ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።