የሐሙስ ጫማ

«ከበርሜሉ ላይ ተነሺልኝ እስኪ፤ ዱቄት ላውጣ።»

የባሏ እህት ሳህን ይዛ ፊቷ ቆማለች። ባሏ ከሞተ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ስድስቱንም ቀን ወጥ ቤቱ ጥግ ካለው የዱቄት በርሜል ላይ ተቀምጣ ነው የዋለችው። ወንበር ቢያመጡላት፣ ፍራሽ ቢያነጥፉላት እምቢ አለች። ለቀስተኛውም «ሐዘን ነው፣ ተዋት» ብሎ ተዋት። መቼም በሐዘን የማይሳበብ ነገር የለም።

«ከጎረቤት አምጪ» አለች።

«በርሜል ሙሉ እያለ ምን በወጣኝ!»

«ነቀዝ ገብቶበታል።»

እህትየው አፍጥጣ አየቻት። ዱቄቱ ከተፈጨ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ወፍጮ ቤት የሄዱትም አብረው ነበር። ግን ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? ሳህኗን ይዛ ወጣች።

ሟቹ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከተማው ሲሰለቸው ጥሎት እዚህ ገጠር ገባ፤ ንብ ማነብ ጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ በሚኒባስ ወደ ከተማ ይመለስና ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ለድንጋይ እየቆፈረ በሚጨርሰው ድርጅት በር ላይ ከሰልፈኞቹ ጋር ይጮኻል። ጉድጓዱ መንደሩ የሚጠጣበት ምንጭ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሰልፈኞቹ ስሙን ረስተው «ጋሽ ሐሙስ» ይሉት ነበር።

የቀረውን ስድስት ቀን ከቀፎዎቹ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት ዛፉ ሥር ያለው ጉቶ ላይ ይቀመጥና ምንም ሳይሠራ ኮረብታውን ያያል። «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለው፣ «ዝም እያልኩ። እዚህ ዝም ካላልኩ እዚያ ለምን እንደምጮህ ይጠፋኛል» ይላት ነበር። እሷ ስድስቱን ቀን ትወድለታለች። ሐሙስን ግን የምታያት እንደ ጣውንቷ ነበር።

ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ እንኳ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው። «ሲጠሩኝ ጊዜ እንዳላጠፋ» ይላል። እሷ ዞር ሲልላት ወደ ቤት ታዞረዋለች። ጠዋት እሱ መልሶ ያዞረዋል። ነገሩን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም፤ ጫማው ብቻ ስንት ዓመት ሲዞር ኖረ።

ሾፌሩ ገባ። ሰልፈኞቹን በሚኒባሱ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ቆቡን አውልቆ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ነገ ሐሙስ ነው። ሕዝቡ እርስዎን ይጠብቃል።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«አንዲት ቃል ብቻ ነው። ‹የሞተው ሰልፉ ላይ በመቱት ዱላ ነው› ይበሉ፤ የቀረውን እኛ እንጮኸዋለን።»

በመጨረሻ ከወጣበት ሰልፍ ግንባሩ ተፈንክቶ መምጣቱ እውነት ነው። ቁስሉን ያጠበችው እሷ ናት።

«ጤና መኮንኑ ከዛፍ ወድቆ ነው ብሎ ጽፏል እኮ።»

«ያ ሆዳም! ድርጅቱ ገዝቶት ነዋ። ትናንት ልጆቹ መስኮቱን በድንጋይ አውርደውለታል። ነገ ደግሞ ከሰልፉ በኋላ ቤቱ ሊሄዱ ነው። እኔም አልከለክላቸው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጤና መኮንኑ ዛሬ ጠዋት እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ለቅሶ ደርሶ ነበር። «ምን ሆንክ?» ስትለው «መስታወት ቆረጠኝ» አለ። ሻይ የሰጠው ሰው አልነበረም። ትንሽ ተቀምጦ፣ «አልተሠቃየም፣ እመኚኝ» ብሏት ሄደ። አሁን ነው የገባት።

ባለፈው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነበር ጫማውን የደበቀችው። ግንባሩ ገና አልሻረም ነበር፤ ሁለት ጓደኞቹም ታስረዋል። ጫማውን በላስቲክ ጠቅልላ በርሜሉ ውስጥ ቀበረችው፤ እሱ መራቡን እንጂ ዱቄት የት እንዳለ አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለገ።

«ጫማዬን አይተሻል?»

«የጫማህ ዘበኛ ነኝ?»

ሚኒባሱ ጡሩንባውን ነፍቶ፣ ነፍቶ ሄደ። እሱም ሳቀና በነጠላ ጫማ ወደ ጉቶው ወጣ። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ እያንጎራጎረች ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ተሳክቶላታል። እኩለ ቀን ላይ የንብ መንጋ ከቀፎ ወጥቶ ዛፉ ጫፍ ላይ ሰፈረ። መንጋውን ሊያወርድ በነጠላ ጫማ ዛፉ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማች፤ ስትደርስ አንደኛው ነጠላ ጫማ እላይ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር።

«ምን ይላሉ፣ እትዬ?»

ብትናገር ባሏን ለሞት የዳረገችው እሷ ናት። ዝም ብትል አንድ ንጹሕ ሰው ነገ ሊደበደብ ነው። ግራ ቀኝ አየች፤ በሩ ላይ እህትየው ከጎረቤት ያመጣችውን ዱቄት ይዛ ቆማለች።

ከበርሜሉ ወረደች። ክዳኑን ከፍታ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደችና ጥቅሉን ጎትታ አወጣች። ላስቲኩ ተቀዶ ዱቄት ገብቶበታል፤ ጫማው ነጭ ሆኗል።

«ማንም አልገደለውም» አለች። «እንዳይሄድ ብዬ ደበቅኩበት። ቀረ። ከዛፍ ወደቀ።»

«ጫማ?» አለች እህትየው። ሳህኑን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ወንድሟን እንደ አዲስ አለቀሰችው።

ሾፌሩ ቆቡን ጨምድዶ ይዟል። «ታዲያ ነገ ምን ልንል ነው?»

«ኮረብታው ተበልቶ የለም እንዴ? እሱን ንገሯቸው። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ አልዋሸበትም፤ እናንተም አትዋሹበት። አሁን ግን ተነስተህ መጀመሪያ ጤና መኮንኑ ጋ ሂድ።»

ሾፌሩ ዐይኗን ሳያያት ወጣ። ይሂድ አይሂድ አላወቀችም። የተናገረ ይቀለዋል ሲሉ ሰምታ ነበር፤ አልቀለላትም። እህትየው እስከ ዕለተ ሞቷ ይቅር እንደማትላት፣ እሷም በዚሁ ቤት ከዚሁ በርሜል ጋር እንደምትኖር አወቀች።

ጫማውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። የማሰሪያው ቀዳዳዎች ውስጥ የገባው ዱቄት ግን እምቢ አላት። በር ላይ ካሉት የለቀስተኞች ጫማዎች መሐል ቦታ ፈልጋ፣ እንደ ልማዷ አፍንጫውን ወደ ቤት አድርጋ አስቀመጠችው።

ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ መንገዱ አዞረችለት።