ለምሥጋና ዚንክ አራት መጸዳጃ

ሐብቴ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ በቆሎና በርበሬ ያመርታል። በየአሥር ቀኑ ጤና ኬላ ይሄድና ለጤና ኤክስቴንሽኗ ለያምሮት ያንኑ ውሸት ይነግራታል።

«ምሥጋናን ተቅማጥ ይዟታል።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«እንዳለፈው ጻፊው።»

ትጽፍና አሥር ፍሬ ዚንክ ትሰጠዋለች። የሦስት ዓመት ልጁ ምሥጋና ተቅማጥ እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ። ጡት በጣለች በወሩ የአፏ ዙሪያ ቆሰለ፣ ፀጉሯ ረገፈ። ፍኖተ ሰላም ያያት ሐኪም፣ «ዚንክን ከአንጀት ወደ ሰውነት የሚያስገባ በር አለ፤ በሩን የሚሠራው ጂን ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ደርሷታል፤ ኪኒኑን ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ትውሰድ» አለ። የሁለቱም ወገን ዘመዶች «ከእኛስ አይደለም» ብለው ማሉ። ሐብቴ ኪኒኑን ፍለጋ ወጣ።

ቡሬ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ዚንክ ካለቀባቸው ከርሟል። ጤና ኬላው ደግሞ የሚሰጠው ለተቅማጥ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ጂን የሚባል ሳጥን የለም።

አንድ ቀን ሐብቴ ጤና ኬላው እያለ ናሁሰናይ የሚባል የወረዳ ተቆጣጣሪ መጣና መዝገቡን ገለጠ።

«አንዲት ልጅ በዓመት ሠላሳ ስድስት ጊዜ?»

ሐብቴ የሐኪሙን ወረቀት ዘረጋለት። ተቆጣጣሪው እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ አጥፎ መለሰለት።

«ጋሼ፣ ይኸ እኛ ቅጽ ላይ የለም። ተቅማጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመጸዳጃው ነው። አዲስ ይቆፍሩ፣ ኪኒኑ ይቀጥላል።»

«ተቅማጥ ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ኪኒኑ ለምን?»

ሐብቴ ቆፈረ። በሦስት ወሩ ተቆጣጣሪው ተመለሰ፤ መዝገቡ ላይ ተቅማጡ ያው ነው። ሌላ አስቆፈረው። ከዚያም ሌላ። ከነበረው ጋር አራት ሆኑ።

«አንተ ሐብቴ!» አለ ጎረቤቱ ትዕዛዙ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ስንት ቂጥ ነው ያለህ?»

ሐብቴ ከጉድጓዱ ወጣ። ዶማውን ጠረገ።

ሰኔ ላይ ያምሮት ቤቱ ድረስ መጣች። ፊቷ ላይ ደስታ አይታይም።

«ጋሼ ሐብቴ፣ በመጸዳጃዎቹ ሞዴል ቤተሰብ ተብለው ተመርጠዋል። ቅዳሜ ይሸለማሉ።»

«እሺ።»

«ሞዴል ቤተሰብ ውስጥ ተቅማጥ አይመዘገብም። ኪኒኑ ይቆማል።»

ሐብቴ ልጁን አየ። አዲስ የበቀለ ፀጉሯን እየጎተተች ትጫወታለች። መጀመሪያ ሰሞን ኪኒኑ አልቆ ሲቋረጥ፣ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አራቱንም አፈረሰ። ጉድጓዶቹን ሞላ። ለመቆፈር ከፈጀበት ጊዜ ያነሰ ፈጀበት።

ቅዳሜ ናሁሰናይ ሰርተፊኬቱን በብብቱ ይዞ ጓሮው መሐል ቆመ።

«መጸዳጃዎቹስ?»

«የሉም።»

«ልጅቷስ?»

«ተቅማጥ ይዟታል።»

ተቆጣጣሪው ሰርተፊኬቱን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ቅጽ አወጣና ረጅም ጊዜ ጻፈ። በመጨረሻ፣ ዚንክ በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ።

«አዩ» አለ፣ «አሁን ሁሉም ነገር ገጠመ።»