የጠጉር ድመት

መርፌው ከበግ ጠጉር የምትሠራትን ድመት ስቶ የገዛ አውራ ጣቷ ላይ ተሰካ። ነቅላ ደሟን መጠጠችና ወደ እናቷ ዞር አለች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሹራባቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፤ መልሰው ይቆልፋሉ።

እናቷ ምድጃ ለኩሰው ረስተው ቤቱን ሊያቃጥሉት ትንሽ ከቀራቸው ወዲህ፣ የሆቴል ልብስ አጣቢነቷን ትታ ቤት ውላለች። አብራት ትሠራ የነበረችው ልብስ ተኳሽ ልትጠይቃት መጥታ ፊቷን አየችና፣ በሌላ ቀን አንድ ከረጢት የበግ ጠጉርና ጎኑ ጥቃቅን ጥርስ ያለው ረጅም መርፌ ይዛላት መጣች።

"ዝም ብለሽ ውጊው" አለቻት። "በወጋሽው ቁጥር እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጠነክራል። ንዴትም ያወጣልሻል።"

የመጀመሪያ ሥራዋ ጥንቸል ይሆናል ስትል ድንች ሆነ። "ጆሮ ያለው ድንች!" ብላ ተኳሿ ስትንከተከት፣ እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ስትይዝ ብቻ ነበር ልቧ ትንሽ የሚያርፈው።

ይህቺኛዋ ግን ድመት ሆናለች። ግራጫ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ዘመም ብሏል። ጢሟን ልትተክልላት ስትል እናቷ እጃቸውን ዘረጉ።

"ወዲህ በያት።"

ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ጀርባዋን እየዳበሱ "ሚጡዬ" አሏት። "የት ጠፍተሽብኝ ነው? ብርድ መታሽ አይደል?"

ሚጡ እሷ ነበረች። በልጅነቷ እናቷ ያወጡላት ስም ነው። ከአፋቸው ከሰማችው ዓመት አልፎታል።

"እማዬ፣ ሚጡ እኮ እኔ ነኝ።"

እናቷ ቀና ብለው፣ እንግዳ ሰው እንደሚያዩ፣ በትሕትና አዩዋት።

"አይ፣ አንቺማ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ። ልጄ ገና ትንሽ ናት።"

"እስቲ እዪኝ! ዓይኔን እዪው! የወለድሽው እኮ እኔን ነው!"

ድምፅዋ ከልክ በላይ ወጣ። እናቷ ድመቷን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ወንበሩ ላይ ኩምትር አሉ።

"አትምቻት" አሉ። "ሕፃን ናት።"

ወጥ ቤት ገብታ ሌላ ከተማ ለሚኖረው ወንድሟ ደወለች። የሆነውን ነገረችው።

"እኔንም እኮ ረስታኛለች" አላት። "በየቀኑ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ማለቱ ምን ይረባሻል? ራስሽን ነው የምትጎጂው።"

"አንተን የረሳችህ በስልክ ነው። እኔን ፊት ለፊት ነው።"

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። ለቅሶዋ እንዳይሰማ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ፣ ውኃው እየፈሰሰ አለቀሰች። እናቷን ማጣት ማለት አንድ ቀን ቀብራቸው መመለስ ብቻ ይመስላት ነበር።

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ እናቷ ድመቷን በሻርፓቸው ጠቅልለው እሹሩሩ ይሏታል። ፊታቸው ላይ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሰላም አለ። ሲያዩዋት ግን ድመቷን ጠበቅ አደረጓት።

"ርቧት ነው መሰለኝ" አሉ ፈራ ተባ እያሉ። "ወተት ይኖር ይሆን?"

አፏን ከፈተች። "እማዬ" ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

"አለ፣ እትዬ" አለች። "አሁን አሙቄ አመጣልዎታለሁ።"